የጎጆው ሕግ፦ የሻላ ደሴት ወፎችና የእኛ አደራ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የሚነበቡ ክፍሎች፦ ዘፍ. 2፥15፤ ዘፍ. 7፥1-9፤ ዘዳ. 22፥6-7፤ መዝ. 101፤ ማቴ. 6፥26

መግቢያ

የዛሬው ጽሑፋችን ስለ አንዲት አጭር ትእዛዝ ነው። ይህች ትእዛዝ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 6 እና 7 ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ ብዙዎቻችን ስናነብ ቶሎ የምናልፋት ናት። አሳቧም ይህ ነው፦ አንድ ሰው በመንገዱ ሳለ በዛፍ ላይም ሆነ በምድር ላይ የወፍ ጎጆ ቢያገኝ፣ እናቲቱም ዕንቁላሉን ወይም ጫጩቶቹን ታቅፋ ብትሆን፣ እናቲቱን ከልጆቿ ጋር አብሮ እንዳይወስድ፣ እርሷን እንዲለቃት ታዛለች።

ምናልባት «ስለ ወፍ ጎጆ ይህን ያህል መጻፍ ለምን አስፈለገ? ስለ ነፍሳችን ድኅነት የምንማረው አልቆ ነውን?» የሚል አይታጣም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን የጽሑፋችንን ፍጻሜ ስንደርስ የወፉ ጎጆና የነፍሳችን ጉዳይ የተራራቁ እንዳልሆኑ እናያለን ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ትምህርቱ በአየር ላይ እንዳይቀርም በአገራችን፣ ያውም ከዲላ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሁሉ በአጠገቡ የሚያልፈውን አንድ እውነተኛ ምሳሌ ይዘን እንሄዳለን። እርሱም የሻላ ሐይቅ ደሴትና በላዩ የሚፈለፈሉት ፔሊካኖች ታሪክ ነው።

ሀ/ ትእዛዟ ምን ታስተምራለች?

በመጀመሪያ ልብ ልንለው የሚገባው ነገር የትእዛዟ ዋጋ ነው። እናቲቱን ወፍ ለሚለቅ ሰው የተሰጠው ተስፋ መልካም እንዲሆንለትና ዕድሜው እንዲረዝም ነው። ይህን ተስፋ ሌላ የት አገኘነው? አባትና እናትን በማክበር ትእዛዝ ላይ ነው (ዘዳ. 5፥16)። በሰው ዓይን ሲታይ ወላጅን ማክበር ከባድና ትልቅ፣ ወፍን መልቀቅ ግን ቀላልና ትንሽ ነገር ነው። በእግዚአብሔር ፊት ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት ተስፋ ተሰጣቸው። ሁለቱም የሚጠብቁት አንድ ነገር፣ ይኸውም የሕይወትን ምንጭ ነውና።

ሁለተኛ፣ ትእዛዟ ሰውን ከመጠቀም ፈጽማ አትከለክልም። ዕንቁላሉን ወይም ጫጩቱን ስለ መውሰድ አልከለከለችም። የከለከለችው ሥሩን መንቀልን ነው። እናቲቱ ከቀረች በሚመጣው ዓመት ሌላ ዕንቁላል ትጥላለች። እናቲቱም ልጆቿም ከተወሰዱ ግን የዚያ ጎጆ ታሪክ በዚያው ቀን አበቃ። እንግዲህ ሕጉ «ፍሬውን ብላ፣ ዛፉን ግን አትቁረጥ» እንደ ማለት ነው። የጌዴኦ ገበሬ እንሰቱንና ቡናውን በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር አድርጎ ለልጅ ልጁ ሲያስተላልፍ የኖረው ይህንኑ ጥበብ በሥራ እየገለጸ ነው።

ሦስተኛ፣ ጎጆው የተገኘው «በመንገድ» ነው። ሰውዬው ወፍ ሊያድን አልወጣም፤ ወደ ሌላ ጉዳይ ሲሄድ ድንገት አገኛት። አብዛኛው የእኛም ፈተና እንዲሁ ነው። ክፉ ልናደርግ አስበን ሳይሆን ወደ ጉዳያችን ስንሄድ እጃችን የደካማውን ፍጥረት ሕይወት ይነካል። ይህን ሦስተኛ ነጥብ በተለይ እንያዘው፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ለ/ በጎረቤታችን ያለው ደሴት

ከዲላ ተነሥተን ሐዋሳን፣ ሻሸመኔንና አርሲ ነገሌን ካለፍን በኋላ በስተቀኝ የላንጋኖ ሐይቅ፣ በስተግራ ደግሞ ሻላና አብያታ ይገኛሉ። ሻላና አብያታ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሐይቆች ሲሆኑ ጠባያቸው ግን እጅግ የተለያየ ነው።

ሻላ በጥንት ዘመን በእሳተ ገሞራ ከተደረመሰ መሬት ውስጥ የተፈጠረ ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ 266 ሜትር ያህል ስለሚደርስ ከኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሁሉ ጥልቁ እርሱ ነው። ውኃው ጨዋማና ሶዳ የበዛበት ስለሆነ ዓሣ እምብዛም አይገኝበትም። በውስጡ ግን ደሴቶች አሉ። አብያታ ደግሞ ጥልቀቱ ትንሽ፣ ዳርቻው ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ቀድሞ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ በብዛት ይገኝበት ነበር።

ታላቁ ነጭ ፔሊካን ከሚበርሩ ወፎች መካከል ትልቅ ከሚባሉት አንዱ ነው። ክብደቱ እስከ 10 ኪሎና ከዚያም በላይ ይደርሳል፤ ክንፎቹ ሲዘረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 3 ሜትር ገደማ ይሆናሉ። ከረጅሙ ምንቃሩ ሥር እንደ ከረጢት የሚለጠጥ ቆዳ አለው፤ ዓሣውን ከውኃው ጋር የሚጨልፈው በዚህ ነው። ጎጆውን የሚሠራው በዛፍ ላይ ሳይሆን በምድር ላይ፣ ከጓደኞቹ ጋር ተጠጋግቶ ነው። በምድር ላይ የተጣለ ዕንቁላል ደግሞ ለጅብ፣ ለቀበሮና ለሰው የተጋለጠ ነው። ስለዚህ ፔሊካን አራዊት የማይደርሱበትን ደሴት ይመርጣል። የሻላ ደሴት ምሽግ ሆነለት ማለት ነው።

ይህን የደሴቱን ኑሮ በሚገባ ያጠኑት በዚያ ዘመን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ኤሚል አርባንና በኬንያ ይኖሩ የነበሩት የወፍ ሊቅ ሌስሊ ብራውን ናቸው። ጥናታቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 አይቢስ በተባለው የእንግሊዝ የወፎች ጥናት መጽሔት ላይ ወጣ። በዚያን ጊዜ በሺህ የሚቆጠሩ ጥንዶች በደሴቱ ላይ ይፈለፍሉ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የአብያታ ሻላ ፓርክ ሲከለልም ዋናው ምክንያት የውኃ ወፎችን መጠበቅ ነበር። ፓርኩ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ሲኖረው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ውኃ ነው፤ ከ400 በላይ የወፍ ዓይነቶችም ተመዝግበውበታል።

አሁን የእግዚአብሔርን ጥበብ ተመልከቱ። ደሴቱ ያለው በሻላ፣ ዓሣው ያለው ግን በአብያታ ነው። ይህን የመሰለ ከባድ ወፍ በየቀኑ ክንፉን እያራገበ በመካከል ያለውን ከፍታ ቢሻገር ጉልበቱ ባለቀ ነበር። ነገር ግን ረፋድ ላይ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ይወጣል። ፔሊካኖቹም ክንፋቸውን ዘርግተው በዚህ አየር ላይ እየዞሩ ከፍ ከፍ ይላሉ፤ ከዚያም ያለ ድካም ወደ አብያታ ይንሸራተታሉ። ዓሣውን በልተው ሲመለሱ ጫጩቱ ራሱን በወላጁ ከረጢት ውስጥ አስገብቶ የመጣለትን ይመገባል።

እናትና አባት ተራ በተራ ይታቀፋሉ። ብዙውን ጊዜ ሁለት ዕንቁላል ይጣላል፤ ከሁለቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ብቻ ያድጋል። ዕንቁላሉ ከአንድ ወር ለሚበልጥ ጊዜ ይታቀፋል፤ ጫጩቱም ለመብረር ከ65 እስከ 75 ቀን ይፈጅበታል። በድምሩ ሦስት ወር ተኩል ገደማ ማለት ነው። አንድ ፔሊካን በቀን አንድ ኪሎ ያህል ዓሣ ይበላል ብንል፣ አንድ ሺህ ጥንዶች ለራሳቸው ብቻ በቀን 20 ኩንታል ዓሣ ያስፈልጋቸዋል፤ የጫጩቶቹ ሳይቆጠር ነው። ይህ ማዕድ በመካከሉ ከተቋረጠ ወላጆቹ ጎጆውን ጥለው ከመሄድ በቀር ምርጫ የላቸውም።

ሐ/ ጎጆው ሳይነካ ወፉ የሸሸበት ምክንያት

ደሴቱን ጠላት አልወረረውም። ጅብ በዋና አልተሻገረም። ሆኖም በሻላ ደሴት የሚፈለፈሉት ፔሊካኖች ቁጥር እጅግ አነሰ። ለምን?

መልሱ ያለው በአብያታ ነው። አብያታ መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው። ውኃ የሚያገኘው በአብዛኛው ከዝዋይ ሐይቅ በሚመጣው በቡልቡላ ወንዝና ከላንጋኖ በሚመጣው በሆራ ከሎ ወንዝ ነው። የሚያጣው ደግሞ በፀሐይ ትነት ነው። በወጥ እንመስለው። ወጥ በእሳት ላይ ቆይቶ ውኃው ሲመጥ ጨው ሳይጨመርበት ጨው ይበዛበታል። ውኃ ካልተጨመረበት መጨረሻው የማይቀመስ ይሆናል። በአብያታም የሆነው ይኸው ነው።

ወደ ዝዋይ ከሚገቡት ከመቂና ከቀታር ወንዞች፣ ከራሱ ከዝዋይ ሐይቅና ከቡልቡላ ወንዝ ለመስኖ የሚሳበው ውኃ ከዓመት ወደ ዓመት እየጨመረ ሄደ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በአብያታ ዳር የሶዳ አሽ ፋብሪካ ተቋቋመ። ሶዳ አሽ ለጠርሙስና ለሳሙና ሥራ የሚያገለግል ነገር ሲሆን የሚገኘውም የሐይቁን ውኃ በሰፋፊ ገንዳዎች ውስጥ አስገብቶ በፀሐይ በማትነን ነው። በዚህ ሁሉ ላይ በአካባቢው ያለው የግራር ደን ለከሰልና ለእርሻ ተመነጠረ። ድርቅ ሲጨመርበት ሐይቁ ወደ ኋላ እየሸሸ ሄደ፤ ከቀድሞው ስፋቱ ከግማሽ በላይ አጣ። ጨውነቱ በመጨመሩም ቆሮሶ ሊኖርበት አልቻለም፤ ዓሣው ጠፋ። ዓሣ በል ወፎችም ማዕዳቸው ተነሣባቸው።

እዚህ ላይ ቀደም ሲል ያልነውን እናስታውስ። ሰውዬው ጎጆውን ያገኘው ወደ ሌላ ጉዳይ ሲሄድ ነበር። በመቂ ሽንኩርት የሚያጠጣ ገበሬ የሻላን ፔሊካን ሊጎዳ አላሰበም። በፋብሪካ የሚሠራው ወዛደርም ልጆቹን ሊያሳድግ እንጂ የወፍ ልጅ ሊያስርብ አልወጣም። በመንገድ ዳር ሁለት ጆንያ ከሰል ገዝቶ በመኪናው ላይ የሚጭን መንገደኛም ርካሽ ስላገኘ ብቻ ነው። ሁሉም በየመንገዱ ነው። የሁሉም እጅ ተደምሮ ግን እናቲቱንም ልጆቿንም ወሰደ።

ስለዚህ ከሻላ የምንማረው ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፦ ጎጆን መጠበቅ ማለት ጎጆውን አለመንካት ብቻ አይደለም። ወፉ የሚበላበትን ሐይቅ፣ ሐይቁ የሚጠጣበትን ወንዝ፣ ወንዙ የሚመነጭበትን ተራራ መጠበቅ ነው። በደሴቱ ዙሪያ አጥር ብናጥር፣ ዘበኛም ብናቆም፣ ቡልቡላ ከደረቀ ዘበኛው ባዶ ደሴት ይጠብቃል።

ይህ ማለት ግን ደሴቱ ራሱ ጥበቃ አያሻውም ማለት አይደለም። በፍልፈላ ወቅት ሰው በጀልባ ቢጠጋ ወላጆቹ ደንግጠው ይነሣሉ። ላባ ያላበቀለው ጫጩት በቀትር ፀሐይ ለጥቂት ጊዜ ጥላ ቢያጣ ሊሞት ይችላል። በሐዋሳ አሞራ ገደል በዓሣ ገበያው የምናየው አባ ኮዳና ሌሎችም አሞሮች እንዲህ ያለውን ያልተጠበቀ ጎጆ ዝም ብለው አያልፉም። ስለዚህ ፎቶግራፍ ለማንሣት ሲባል እንኳ የፍልፈላ ደሴት ላይ መውጣት ትልቅ ጥፋት ነው።

መ/ ሁለት ክርክሮች

አንደኛው ክርክር፦ «ፔሊካን በኦሪት ከማይበሉት ወፎች የተቆጠረ ርኩስ ወፍ ነው፤ ምን ይጠቅመናል?» የሚል ነው። እውነት ነው፤ በግሪክኛው የሰባ ሊቃናት ትርጉም ፔሊካን ከማይበሉት ወፎች ዝርዝር ውስጥ አለ። ነገር ግን ለመብላት መከልከልና ለመኖር መከልከል አንድ አይደለም። በኖኅ ዘመን ወደ መርከብ የገቡት ንጹሓኑ እንስሳት ብቻ አልነበሩም፤ ንጹሓን ያልሆኑትም ዘራቸው እንዳይጠፋ ገብተዋል (ዘፍ. 7)። ኖኅ በመርከቡ በር ቆሞ «አንተ አትበላም፤ ስለዚህ ስጠም» አላለም። የማይበላው ፍጥረት ሕይወት ባለቤቱ ሰው ሳይሆን የፈጠረው አምላክ ነው።

በዚያው በሰባ ሊቃናት ትርጉም ነቢዩ ዳዊት በመዝሙር 101 ኀዘኑንና ብቸኝነቱን ሲገልጥ ራሱን የመሰለው በምድረ በዳ ባለ ፔሊካን ነው። ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ የተተረጎመው ፊሳልጎስ የተባለው ጥንታዊ የእንስሳት ምሳሌ መጽሐፍም ለክርስቲያኖች ሲነበብ ኖሯል። በዚህ መጽሐፍ ትውፊት ፔሊካን በደሙ ልጆቹን የሚያድን ወፍ ተደርጎ ስለሚነገር የጌታችን ሕማም ምሳሌ ሆኗል። በተፈጥሮ ሲታይ ወፉ ልጆቹን የሚመግበው ዓሣ እንጂ ደም አይደለም፤ ምሳሌው ግን አባቶች በዚህ ወፍ ውስጥ የወላጅን ፍቅር እንዳዩ ያሳያል። እንግዲህ ርኩስ ተብሎ የተቆጠረው ወፍ ለነቢዩ የኀዘን፣ ለአባቶች የፍቅር ምሳሌ ሆነ።

ሁለተኛው ክርክር ይከብዳል፦ «ሰው ይራብ፣ ወፍ ይጥገብ ትላላችሁን?» የሚል ነው። አንልም። ጌታችን ስለ ሰማይ ወፎች ሲያስተምር ሰው ከእነርሱ እንደሚበልጥ ተናግሯል (ማቴ. 6፥26)። ነገር ግን በዚያው ቃል የሰማይ አባት ወፎቹንም እንደሚመግባቸው ተናግሯል። አባታችን የሚመግበውን ፍጥረት ማዕድ እኛ ብናነሣ ከማን ጋር እየተከራከርን ነው?

ደግሞም በአብያታ ወፉ ሲራብ ሰው አልጠገበም። ዓሣው በጠፋ ጊዜ ዓሣ አጥማጁም መረቡን ሰቀለ። ደኑ ባለቀ ጊዜ ከሰል አክሳዩም ሥራ ፈታ፤ መሬቱም አፈሩን ነፋስ ወሰደው። ፔሊካን የውኃው ምስክር ነው። እርሱ ሲሸሽ «ከእኔ ቀጥሎ እናንተ ናችሁ» ብሎ እየነገረን ነው። በምሥራቅ አገራችን የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ሲደርቅ የሆነውን እናስታውስ፤ ወፉም፣ ዓሣ አጥማጁም፣ ውኃ የሚቀዳውም ከተሜ አብረው ተጎዱ። በቅርብ ዓመታት ግን ውኃው መመለስ ጀምሯል። ተስፋ መቁረጥ እንደማይገባን ይህ ያስተምረናል።

ሠ/ ከሌላው ዓለም ሁለት ምሳሌዎች

አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ ስለሌላት የባሕር ወፎች ደሴት የሚገኘው በጎረቤት ዳርቻዎች ነው። በቀይ ባሕር፣ ለምሳሌ በዳህላክ ደሴቶች፣ ዝቅ ያሉና ዛፍ የሌለባቸው አሸዋማ መሬቶች አሉ። ለሰው ምድረ በዳ ናቸው፤ ለወፎች ግን ቤት ናቸው። ሸርጣን በል የሆነ አንድ ነጭና ጥቁር ወፍ አሸዋውን ቆፍሮ በጉድጓድ ውስጥ ይጥላል። ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ በቀር በሌላ የዓለም ክፍል የማይፈለፈል የባሕር ወፍም አለ፤ በዓይኑ ዙሪያ ነጭ ቀለበት ያለበት ነው። ዕንቁላሉን የሚሰበስቡ ሰዎችና በመርከብ የሚፈስ ዘይት ጠላቶቹ ናቸው። ዝቅተኛ ደሴት ማምለጫ የለውም፤ አንድ ጀልባ ሰው ቅርጫት ይዞ በአንድ ጧት የዓመቱን ዘር ሊጨርስ ይችላል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከአሜሪካ ነው። በፍሎሪዳ ፔሊካን ደሴት የምትባል ትንሽ ዝቅተኛ ደሴት አለች። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የወፍ ላባ ለሴቶች ባርኔጣ ጌጥ ስለተፈለገ አዳኞች ወፎቹን በጎጆአቸው ላይ ሳሉ ይፈጁ ነበር። ከጀርመን አገር በልጅነቱ የመጣ ጳውሎስ ክሮገል የሚባል ጀልባ ሠሪ በደሴቷ ፊት ለፊት ይኖር ነበርና ይህን ዝም ብሎ ማየት አልቻለም። ማንም ሳያዘው በጀልባው እየወጣ በደሴቷና በአዳኞቹ መካከል ይቆም ጀመር። በኋላም ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 14 ቀን 1903 ደሴቷ የወፎች መጠበቂያ እንድትሆን አዘዙ፤ ክሮገልም በወር አንድ ዶላር እየተከፈለው ዘበኛዋ ሆነ። ይህ ቀን በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 5 ቀን 1895 ዓ.ም. ነው።

የዘበኝነቱ ሥራ ቀልድ አልነበረም። በዚያው በፍሎሪዳ ጋይ ብራድሊ የተባለ ሌላ የወፍ ጠባቂ በ1905 በላባ አዳኞች ተገድሏል። በ1918ም «ፔሊካን ዓሣችንን ጨረሰብን» ያሉ ሰዎች በፔሊካን ደሴት ላይ ከ400 በላይ ጫጩቶችን ደብድበው ገደሉ። በኋላ ሲጣራ ግን ወፎቹ የሚበሉት በአብዛኛው ሰው ለገበያ የማይፈልገውን ዓሣ ሆኖ ተገኘ። ሳያጣሩ መፍረድ ምን እንደሚያስከትል ከዚህ እንማራለን። ደሴቷና ወፎቿ ግን ዛሬም አሉ።

መጋቢት 5 ለእኛ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ የዕረፍት በዓል መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በየቤተ ክርስቲያናችን በሥዕላቸው ላይ አንበሳና ነብር በእግራቸው ሥር ሲተኙ፣ ወፍም ከዓይናቸው ሲጠጣ እናያለን። የተጠማውን ወፍ ጻድቁ ከዓይናቸው ዕንባ አጠጡት። ሥዕሉን ከልጅነታችን ጀምሮ ስመነዋል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ጻድቁ ከዓይናቸው ለወፍ ውኃ ከሰጡ፣ እኛ ከወፍ አፍ ውኃ ስንወስድ ሥዕሉን በምን ፊት እንስማለን?

ረ/ እኛ በዲላ ሆነን ምን እናድርግ?

ሻላ ሩቅ ነው፣ እኛን አይመለከትም እንዳንል፣ የእኛም ወንዞች የሚወርዱበት ሐይቅ አለ። የለገዳራና የጌዴኦ ደጋ ሌሎች ወንዞች ወደ አባያ ይወርዳሉ። በአባያና በጫሞ ፔሊካኖች ይታያሉ። አባያ ቀይ ቡናማ መልክ ያለው ወንዞች ከየደጋው እያጠቡ በሚያወርዱት አፈር ምክንያት ነው። ስለዚህ በጓሮአችን የሚታጠበው አፈር የሚያርፈው በወፍና በዓሣ ማዕድ ላይ ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲመዘገብ ዓለም ያደነቀው አባቶቻችን በዚህ ገደላማ ምድር ዛፍን፣ እንሰትንና ቡናን አንድ ላይ አስማምተው አፈሩን ጠብቀው መኖራቸውን ነው። ይህን አደራ የምንቀበለው እኛ ወጣቶቹ ነን። ስለዚህ፦

1ኛ/ በወንጭፍ ወፍ መምታትና ጎጆ ማፍረስን በሰፈራችን ታናናሾቻችንን እየመከርን እናስተው። በቁጣ ሳይሆን የዘዳግምን ትእዛዝ በማስረዳት ይሁን።

2ኛ/ የቤተ ክርስቲያናችንን ቅጽር ዛፎች እንንከባከብ። የተዋሕዶ አባቶች በየደብሩ ዙሪያ ደን ያቆዩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አገር ሲራቆት ወፍ የሚጠለለው በቅጽሩ ነው።

3ኛ/ በኅዳርና በታኅሣሥ እሸት ቡና ሲፈለፈል የሚወጣው ልጣጭና የታጠበበት ውኃ ወደ ወንዝ ሲለቀቅ ይበሰብስና ዓሣ የሚተነፍሰውን አየር ከውኃው ይወስዳል። ልጣጩ ግን ተከምሮ ሲብላላ ለእንሰትና ለቡና ጥሩ ማዳበሪያ ይሆናል። ቤተሰቦቻችሁ በዚህ ሥራ ላይ ካሉ በትሕትና አስረዱአቸው።

4ኛ/ ወደ ዝቋላም ሆነ ወደ ሌላ ገዳም በአውቶቡስ ስንጓዝ በስምጥ ሸለቆው መንገድ ዳር የግራር ከሰል አንግዛ። በመንፈሳዊ ጉዞ ላይ ሆኖ የወፍን ጥላ በጆንያ ጭኖ መመለስ አይገባም። ፌስታልና ጠርሙስም በመስኮት አይጣል።

5ኛ/ በሐይቅ ዳር ለሽርሽር ስንወጣ ወፎች በሚፈለፍሉበት ቦታ አንጠጋ፤ ባለ ጀልባውንም እንዲያስጠጋን አንለምነው። እርሱ እንጀራውን ፈልጎ እሺ ይላል፤ ኃጢአቱ ግን የለማኙም ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ እንዳየነው እግዚአብሔር ወላጅን ለሚያከብርና እናቲቱን ወፍ ለሚለቅ አንድ ተስፋ ሰጠ። የሻላ ደሴት ደግሞ ይህን ትእዛዝ በሩቅ ሆኖም መተላለፍ እንደሚቻል አሳየን፤ ጎጆውን ያልነካ እጅ ወንዙን በመንካት ጎጆውን ባዶ ሊያደርገው ይችላልና። አዳምም በኤደን ገነት የተቀመጠው እንዲያበጃትም እንዲጠብቃትም ነው (ዘፍ. 2፥15)። ማበጀቱን ተምረናል፤ እናርሳለን፣ እንነግዳለን፣ ፋብሪካ እንተክላለን። መጠበቁ ግን ገና ይቀረናል።

ክሮገል ደሴቲቱን ሊጠብቅ ሲነሣ ሹመት አልነበረውም፤ ጀልባ ብቻ ነበረው። እኛም የየራሳችን ጀልባ አለን። ለአንዱ ጓሮው፣ ለሌላው ትምህርቱ፣ ለሌላዋ በቤተሰቧ ዘንድ የምትሰማበት ቃሏ ነው። በዚያ ጀልባ ላይ ሆነን በደካማው ፍጥረትና በሚያጠፋው መካከል እንድንቆም አምላከ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ይርዳን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ወላጅን ለማክበርና እናቲቱን ወፍ ለመልቀቅ አንድ ዓይነት ተስፋ የተሰጠው ለምን ይመስላችኋል?
2. በሻላ ደሴት ላይ ጎጆው ሳይነካ ወፎቹ የቀነሱበትን ምክንያት በቅደም ተከተል አስረዱ።
3. ውኃው ለመስኖም ለሐይቁም የማይበቃ ቢሆን፣ ገበሬውን ሳንበድል ምን ዓይነት መፍትሔ ማሰብ ይቻላል?
4. በሰፈራችሁ ያለው ወንዝ ወዴት እንደሚፈስ ተከታትላችሁ ታውቃላችሁን? በዳርቻው የምታዩትን ጽፋችሁ በሚቀጥለው ሰንበት አምጡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።